ከእጣቢ ውሃ እስከ ጨቅላ ሳንባ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በዓይን ሊለካ የማይችል ስስ ነገርን ይመለከታል፤ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የዘይት ሽፋንን፣ የሳሙና አረፋ ግድግዳን፣ በሳንባችን ውስጥ ያለውን እርጥብ ገለፈትን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ባሕር ላይ ነው። በ1757 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ፣ የተሳፈረበት መርከብ በሉዊስቡርግ ምሽግ ላይ ከሚዘምቱ 96 ባለ ሸራ መርከቦች ጋር አንድ ላይ ነበር። ነፋሱ ባሕሩን ያናውጠዋል። ከሁለት መርከቦች ኋላ ያለው ውሃ ግን ልሙጥ ሆኖ ታየው። ምክንያቱን ካፒቴኑን ቢጠይቀው፣ ወጥ ቤቶቹ ቅባት ያለበትን እጣቢ ደፍተው ይሆናል ሲል ማንም የሚያውቀውን ነገር እንደተጠየቀ ሰው በንቀት መለሰለት። መርከበኞች ዘይት ማዕበልን እንደሚያበርድ ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ሮማዊው ፕሊኒም በመጽሐፉ ጠቅሶታል። ፍራንክሊን በካፒቴኑ መልስ አልረካም፤ ጉዳዩንም በልቡ ይዞት ቆየ።

ከዓመታት በኋላ በለንደን አቅራቢያ ክላፋም በሚባል ስፍራ ወደሚገኝ ኩሬ ሄደ። ነፋስ ሞገድ ባስነሳበት ቀን ዘይት ጠብ አደረገ። መጀመሪያ የቆመው ነፋሱ ወደሚነፍስበት ዳርቻ፣ ሞገዱ ከፍ በሚልበት በኩል ስለነበር ዘይቱ ወደ እግሩ ተመለሰበት። ቦታ ቀይሮ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ቆመና ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ዘይት ጨመረ። ሽፋኑ በሚያስገርም ፍጥነት ተዘርግቶ ወደ ማዶ እየገፋ ሄደ፤ ግማሽ ኤከር ገደማ የሚሆን ውሃም እንደ መስታወት ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ፍራንክሊን ወደ ገጠር በወጣ ቁጥር በቀርከሃ በትሩ ጫፍ ክፍተት ውስጥ ጥቂት ዘይት ይዞ መዞር ጀመረ። የጻፈው ዘገባ በ1774 በእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ታተመ።

ግማሽ ኤከር ወደ 2,000 ካሬ ሜትር ነው። የሻይ ማንኪያው ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። ይህን መጠን ለስፋቱ ስናካፍል የሽፋኑ ውፍረት ከ1 እስከ 2.5 ናኖሜትር ይሆናል። አንድ ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ50,000 ናኖሜትር አያንስም። ፍራንክሊን ኩሬው ዳር ቆሞ በአንድ የማካፈል ስሌት የሞለኪውልን ቁመት ማግኘት ይችል ነበር። አላካፈለም። ሞለኪውል ምን ያህል እንደሚያክል የሚያውቅ ሰው በዘመኑ ስላልነበረ በዚህ ሊወቀስ አይችልም።

ማዕበሉ ለምን ይበርዳል? ነፋስ ትልቅ ሞገድ የሚሠራው ከትናንሽ ሞገዶች ተነስቶ ነው፤ በትንንሾቹ ጉብታዎች ላይ እየተደገፈ ይገፋል። የዘይቱ ሽፋን ሲለጠጥ ወደ ቦታው የመመለስ፣ ሲጨመቅ የመግፋት ባሕርይ ስላለው እነዚህን ትናንሽ ሞገዶች ገና ሲጀምሩ ጉልበታቸውን ያሟጥጥባቸዋል። ነፋሱ የሚይዘው ያጣል። አንድ ሞለኪውል የሚያክል ውፍረት ያለው ሽፋን የኩሬን ገጽ ይገዛል ማለት ነው።

ይህን ሽፋን በሥርዓት የለካው ሰው የተገኘው በዩኒቨርሲቲ አልነበረም። አግነስ ፖኬልስ በ1862 በቬኒስ ተወለደች፤ አባቷ በኦስትሪያ ጦር ያገለግሉ ነበር። ጤናቸው ሲታወክ ቤተሰቡ ብራውንሽቫይግ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ተዛወረ። አግነስ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተማረች፤ የተፈጥሮ ሳይንስ በተለይም ፊዚክስ ይማርካት ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን አይቀበሉም ነበር። ወንድሟ ፍሪድሪኽ ጌቲንገን ሄዶ ፊዚክስ ሲማር፣ እሷ ቤት ቀርታ የታመሙ ወላጆቿን ታስታምም፣ ታበስል፣ ዕቃ ታጥብ ነበር።

እጇ ዕለት ተዕለት በእጣቢ ውሃ ውስጥ ነበረ፤ ዓይኗ ያረፈውም እዚያው ነው። ቅባትና ሳሙና ሲነኩት የውሃው ገጽ ጠባዩ ይለወጣል። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናት የራሷን መሣሪያ ሠራች። 70 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ 5 ሴንቲሜትር የሚሰፋ፣ 2 ሴንቲሜትር የሚጠልቅ የቆርቆሮ ገንዳ ነው። ገንዳውን እስከ አፉ በውሃ ሞላችው፤ በአግድሙ አንድ ቀጭን የቆርቆሮ ዘንግ አሳረፈችበት። ዘንጉ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ከፊቱ ያለው የውሃ ገጽ ይጠብባል ወይም ይሰፋል። ከውሃው ገጽ ላይ ደግሞ ከሚዛን የተንጠለጠለች ቁልፍ የምታክል ክብ ነገር አስቀመጠች፤ ይህቺን ከውሃው ለማላቀቅ ስንት ክብደት እንደሚያስፈልግ በመመዘን ገጹ ምን ያህል እንደተወጠረ ማወቅ ቻለች።

እዚህ ላይ የገጽ ውጥረት የሚባለውን ማብራራት ይገባል። በውሃ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሞለኪውል በጎረቤቶቹ በሁሉም አቅጣጫ ይሳባል። ገጹ ላይ ያለው ግን ከላይ የሚስበው የለም፤ ስለዚህ ገጹ ራሱን ለማጥበብ ይጥራል። ጠብታ የሚድቦለቦለው፣ ትንኝ መሰል ነፍሳት ኩሬ ላይ ሳይሰምጡ የሚራመዱት በዚህ የተነሳ ነው።

ፖኬልስ ቅባት የነካውን የውሃ ገጽ በዘንጓ ቀስ እያለች ስታጠብበው መጀመሪያ ምንም ለውጥ አላየችም። ውጥረቱ እንደ ንጹህ ውሃ ነው። አንድ የታወቀ ወሰን ላይ ሲደርስ ግን ውጥረቱ ድንገት መውደቅ ይጀምራል። ከዚያ ወሰን በፊት የቅባቱ ሞለኪውሎች ተበታትነው ይኖራሉ፤ ወሰኑ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። እሷ ይህን በዚህ አነጋገር አልጻፈችውም፤ የለካችው ግን ይህንኑ ነው። አቧራ፣ የእጅ ወዝ፣ የጨርቅ ቃጫ ሳይቀር ገጹን እንደሚያቆሽሽ ተረድታ በዘንጓ እየጠረገች ንጹህ ገጽ የማግኘት ዘዴም አበጀች። ይህን ዘዴ ዛሬም ቤተ ሙከራዎች ይጠቀሙበታል።

ሥራዋን የሚያይላት አልነበረም። ወደ አሥር ዓመት ገደማ ብቻዋን ቆየች። በኋላ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ዘይት እየመረመሩ እንደሆነ ሰማች፤ በጥር 1891 ለእሳቸው በጀርመንኛ ረጅም ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤውን የተረጎሙት የሎርድ ሬይሊ ባለቤት ናቸው። ሬይሊ ደግሞ ኔቸር ለተባለው የሳይንስ መጽሔት ላኩትና በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ እንዲታተም አደረጉ። አንዲት የቤት ልጅ ያለ አስተማሪና ያለ ዲግሪ በቤቷ ያገኘችው ውጤት ተራ ሰው በማይደርስበት መጽሔት ታተመ። ይህ የሬይሊ ሥራ ከራሳቸው ግኝቶች ጋር እኩል ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ጥለው የራሳቸውን ማተም አያቅታቸውም ነበርና። በ1899 ሬይሊ የፖኬልስን ወሰን ተመርኩዘው ሽፋኑ አንድ ሞለኪውል ብቻ የሚያክል ውፍረት እንዳለው ደመደሙ።

ቀጥሎ የመጣው አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሙር ነው። በጄነራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። በ1917 ባወጣው ጽሑፍ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳየ። ባለ 16፣ ባለ 18 እና ባለ 26 ካርቦን የቅባት አሲዶች ርዝመታቸው እጅግ ይለያያል፤ በውሃ ላይ ሲታጨቁ ግን እያንዳንዱ ሞለኪውል የሚይዘው ቦታ ከሞላ ጎደል እኩል ሆኖ ተገኘ፣ 0.2 ካሬ ናኖሜትር። ሞለኪውሎቹ ቢተኙ ኖሮ ረጅሙ ሰፊ ቦታ በያዘ ነበር። ስለዚህ ቆመዋል፤ ውሃ የሚወደው ራሳቸው ከታች፣ ውሃ የሚሸሸው ጅራታቸው ወደ አየር። ላንግሙር በ1932 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘ። አብራው የምትሠራው ካተሪን ብሎጄት ይህን ሽፋን በመስታወት ላይ አንዱን በሌላው እየደረበች 44 ስታደርሰው መስታወቱ ብርሃን መመለሱን አቆመ። ይህ በ1938 ይፋ ሆነ፤ ለካሜራና ለመነጽር ነጸብራቅ አልባ መስታወት መንገድ ከከፈቱት ሥራዎች አንዱ ነው።

ፖኬልስ የሠራችው ዓይነት መሣሪያ ዛሬ የላንግሙር ገንዳ ይባላል። በፍትሕ ቢታይ የፖኬልስ ስም መቅደም ነበረበት። እርግጥ ነው፣ በሕይወቷ ማምሻ ላይ ዕውቅና አላጣችም፤ በ1932 የብራውንሽቫይግ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷታል። ያኔ የ70 ዓመት ሴት ነበረች፤ በ1935 አረፈች።

እስካሁን የተነገረው ስለ አንድ ሽፋን ነው። ሁለት ሽፋኖች ፊት ለፊት ተፋጠው በመካከላቸው ውሃ ሲይዙ የሳሙና አረፋ ይሆናል። ልጆች በቀጭን ቱቦ የሚነፉት አረፋ ግድግዳው ሦስት ንብር አለው፦ በውጭ በኩል የሳሙና ሞለኪውሎች ረድፍ፣ በመሃል ውሃ፣ በውስጥ በኩል ሌላ የሳሙና ረድፍ።

ንጹህ ውሃ አረፋ የማይሠራው ለምንድነው? የተለመደው መልስ ሳሙና የውሃን የገጽ ውጥረት ስለሚቀንስ ነው የሚል ነው። መልሱ ግማሽ ነው። ንጹህ አልኮል የገጽ ውጥረቱ ከሳሙና ውሃ ያነሰ ሆኖ ሳለ አረፋ አይሠራም። ቁም ነገሩ ያለው ሽፋኑ ሲጎዳ ራሱን በመጠገኑ ላይ ነው። የአረፋው ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳ በዚያ ቦታ ያለው ሳሙና ይበታተናል፤ ሳሙና ሲበታተን የገጹ ውጥረት ይጨምራል፤ የጨመረው ውጥረት ከዙሪያው ሳሙና ይስባል፤ ሳሙናው ሲመጣ ውሃውን አብሮ ይጎትታል። የሳሳው ቦታ ሳይቀደድ ይሞላል። ይህን ፍሰት በ1860ዎቹ ያጠናው ጣሊያናዊው ካርሎ ማራንጎኒ ስለነበር በስሙ ይጠራል። ንጹህ ውሃ ይህ ጥገና የለውም፤ አንዴ የሳሳ እንደሳሳ ይበጠሳል።

የአረፋው ቀለም ደግሞ ሳሙናው ውስጥ የተጨመረ ነገር አይደለም። ብርሃን በግድግዳው የፊት ገጽ ላይም በኋላው ገጽ ላይም ይንጸባረቃል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዱን ቀለም ያጎሉታል፣ አንዳንዱን ያጠፉታል። የትኛው እንደሚጎላ የሚወስነው የግድግዳው ውፍረት ነው። ስለዚህ የአረፋን ቀለም የሚያነብ ሰው ውፍረቱን በናኖሜትር ሊያነብ ይችላል። ውሃው ወደ ታች ሲንቆረቆር ቀለማቱ እየተለዋወጡ ይወርዳሉ፤ ከአናቱ ላይ ጥቁር ነቁጥ ይታያል። ኒውተን በ1704 ባሳተመው የብርሃን ጥናት መጽሐፍ ይህን ጥቁር ነቁጥ ገልጾታል። ቀዳዳ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ግድግዳው ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስላነሰ ሁለቱ ነጸብራቆች ተጠፋፍተው ነው። እጅግ የሳሳው ጥቁር ሽፋን 5 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት የሳሙና ረድፍና በመካከላቸው ያለች ጥቂት ውሃ ብቻ የቀሩበት።

እንዲህ ሳስቶ ለምን አይፈርስም? መልሱ፣ በፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን ነገሮችን የሚያጠናው የኮሎይድ ኬሚስትሪ ልብ ነው። ሁለቱ ረድፎች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ በሌላ በኩል ቫን ደር ዋልስ የሚባለው ስበት ያቀራርባቸዋል። በመካከል የቀረው ውሃ በዚህ ግብግብ ውስጥ የራሱ ግፊት ይኖረዋል። ሶቪየታዊው ቦሪስ ደርያጊን በ1930ዎቹ ይህን ግፊት ለካ፤ በ1941 ከሌቭ ላንዳው ጋር፣ በ1948 ደግሞ ኔዘርላንዳውያኑ ፈርዌይና ኦፈርቤክ ለብቻቸው ንድፈ ሐሳቡን አደራጁት።

ይህ ግብግብ በአረፋ ብቻ አይወሰንም። የደፈረሰ ወንዝ ውስጥ ያሉት የሸክላ አፈር ቅንጣቶች አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ስስ ውሃ አይወጣም፤ ስለዚህ ለቀናት ሳይዘቅጡ ይንሳፈፋሉ። ጨው ሲጨመር ግፊያው ይሸፈናል፣ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ፣ ይዘቅጣሉ። ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ የወሰደው አፈር ሜዲትራኒያን ባሕር ደጃፍ ላይ ሲደርስ ከጨዋማው ውሃ ጋር መገናኘቱ የግብጽን ዴልታ ከሠሩት ምክንያቶች አንዱ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ቅጠሉ የሚበላው ሺፈራው ዛፍ ፍሬም ውሃ የሚያጠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ በዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙል ስላለው የሸክላውን አሉታዊ ሙል ያረግበዋል።

ሳሙና ፋብሪካ ሳይኖርም አረፋ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ ሸማ የሚያጥቡ ሰዎች ለዘመናት እንዶድ ተጠቅመዋል፤ ፍሬው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲታሽ አረፋ ይሰጣል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። አንደኛው ጫፉ ስኳር ስለሆነ ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል። በአሠራሩ ከሳሙና ጋር አንድ ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያ በሽታን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ጥገኛ ትል ወደ ሰው የሚደርሰው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያለው የወንዙ ክፍል ከላይኛው ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች እንደሚበዙበት አስተዋሉ። ነገሩን በሙከራ አረጋገጡት። እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ለዚህ ሥራ በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ከእንዶድ የተለየው ገዳይ ንጥረ ነገርም በዶክተር አክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተባለ።

እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚጎዳው ለምንድነው? ለዚህ ወደ ገንዳው መመለስ ያስፈልጋል። በ1925 በኔዘርላንድ ላይደን ከተማ ኤቨርት ጎርተርና ፍራንሷ ግሬንደል ከቀይ የደም ሕዋሳት ቅባቱን ለይተው አወጡና በላንግሙር ዓይነት ገንዳ ውሃ ላይ ዘረጉት። የተዘረጋው ሽፋን ስፋት ከሕዋሳቱ የገጽ ስፋት ሁለት እጥፍ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ የሕዋስ ሽፋን ሁለት ረድፍ ቅባት መሆን አለበት አሉ። በልኬታቸው ውስጥ ስህተቶች ነበሩ፤ እርስ በርስ ተጣፍተው ድምዳሜውን ትክክል አደረጉት። የሕዋስ ሽፋን የሳሙና አረፋ ተገላቢጦሽ ነው፤ በአረፋው ጅራቶቹ ወደ ውጭ ወደ አየር ይመለከታሉ፣ በሕዋሱ ጅራቶቹ ወደ ውስጥ እርስ በርስ ይተያያሉ። ቅባት የሚወደው የሳፖኒን ጫፍ በዚህ ሽፋን መካከል ገብቶ በተለይ ኮሌስትሮሉን እየያዘ ሽፋኑን ያፈርሰዋል። ልብስ ላይ ያለውን ቅባት የሚነቅለው ጠባዩና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ጠባዩ ሥራቸው አንድ ነው። ይህን የመሰለ ዕውቀት በአንድ ወንዝ ዳር ለብዙ ትውልድ ሲታይ ኖሮ ጥያቄ የጠየቀው ሰው ሲመጣ ሳይንስ መሆኑ የዶክተር አክሊሉን ዓይን ታላቅነት ያሳያል።

ከሁሉም ይልቅ ይህ ጉዳይ ክቡር የሚሆነው ሳንባ ላይ ሲደርስ ነው።

የሰው ሳንባ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት። የእያንዳንዱ ከረጢት ውስጠኛ ገጽ በስስ የውሃ ሽፋን ተለብጧል። ውሃ ደግሞ ገጹን ለማጥበብ ይጥራል፤ ከረጢቱን ወደ መዘጋት ይስበዋል። ክፋቱ፣ ከረጢቱ ባነሰ ቁጥር ስበቱ የሚፈጥረው ግፊት ይጨምራል። ራዲየሱ 0.1 ሚሊ ሜትር በሆነ ከረጢት ውስጥ ሽፋኑ ተራ ውሃ ቢሆን ኖሮ፣ እንዳይዘጋ ለመያዝ ብቻ 14 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚያሳድረውን ያህል ግፊት ያስፈልግ ነበር። ራዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይህን መሸከም ለአዋቂም ይከብዳል፤ ለጨቅላ ሕፃን የማይቻል ነው።

ስዊዘርላንድ የነበረው ሐኪም ኩርት ፎን ኔርጋርድ በ1929 የእንስሳ ሳንባ በአየር ከመሙላት በፈሳሽ መሙላት እጅግ እንደሚቀል አሳየ። ፈሳሽ ሲሞላ በአየርና በውሃ መካከል ያለው ገጽ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሳንባን የሚያከብደው ሥጋው ብቻ አይደለም፣ የገጹ ውጥረትም ነው። ጽሑፉ ለሃያ ዓመታት ያህል ተመልካች አጣ። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ፓትል ከሳንባ የሚወጣ አረፋ ለረጅም ጊዜ ሳይፈርስ እንደሚቆይ አስተዋለ። አሜሪካዊው ጆን ክሌመንትስ በ1957 ከሳንባ የወጣውን ፈሳሽ በገንዳ ላይ ዘርግቶ በዘንግ እያጠበበና እያሰፋ ውጥረቱን ለካ። አግነስ ፖኬልስ በቤቷ ያደረገችው ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ አሁን ሽፋኑ የሳንባ መሆኑ ነው። ገጹ ሲጠብ ውጥረቱ እጅግ ወረደ። ሳንባ የራሱን ሳሙና መሰል ቅባት ያመነጫል፤ ሰርፋክታንት ይሉታል።

በዚያን ጊዜ ዶክተር ሜሪ ኤለን ኤቨሪ በቦስተን ያለ ጊዜያቸው ተወልደው መተንፈስ አቅቷቸው ስለሚሞቱ ሕፃናት ይመረምሩ ነበር። የብዙዎቹ ሐኪሞች ሐሳብ በሕፃናቱ ሳንባ ውስጥ የሚታየው መስታወት መሰል ገለፈት ገዳዩ ነው የሚል ነበር። ዶክተር ኤቨሪ ወደ ክሌመንትስ ሄደው ገንዳውን አዩ። ከዚያም ከጄሬ ሚድ ጋር ሆነው በዚህ በሽታ የሞቱ ሕፃናትን ሳንባ በሌላ ምክንያት ከሞቱት ጋር አነጻጸሩ። በ1959 ያወጡት ውጤት ግልጽ ነበር፦ የሕፃናቱ ሳንባ የገጽ ውጥረትን አይቀንስም። የታየው ገለፈት ምክንያት ሳይሆን ውጤት ነው፤ ሰርፋክታንት ጠፍቷል። የሰው ፅንስ ሰርፋክታንትን በበቂ መጠን የሚያገኘው ከ34 ወይም ከ35 ሳምንት በኋላ ነው። ቀድሞ የተወለደ ሕፃን አንዴ ተንፍሶ የከፈተው ሳንባ ሲያስወጣ ይዘጋበታል፤ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እንዲህ እየታገለ ይደክማል።

በነሐሴ 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ አምስት ሳምንት ገደማ ቀድሞ ተወለደ፤ በዚሁ በሽታ በ39 ሰዓት ዕድሜው አረፈ። የዓለም ኃያል አገር መሪ ልጅን ለማዳን የሚሆን ነገር በዚያን ቀን በየትም አልነበረም። በ1972 በኒውዚላንድ ኦክላንድ ግራሃም ሊጊንስና ሮስ ሃዊ ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት መውጋት የፅንሱን ሳንባ ዕድገት እንደሚያፈጥን አሳዩ። በ1980 ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራና ባልደረቦቹ ከላም ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለ10 ሕፃናት በመተንፈሻ ቱቦ ጨምረው ሳንባቸው ሲከፈት አዩ። ዛሬ ከአሳማና ከላም ሳንባ የሚዘጋጅ ሰርፋክታንት በበለጸጉ አገሮች የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የዘወትር መድኃኒት ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ ገና አልተቋጨም። በ2019 የታተመ በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱ ሕፃናት ውስጥ 45 ከመቶ የሚሆኑት ዋና የሞት ምክንያት ይኸው የመተንፈስ ችግር እንደሆነ አሳይቷል። ሰርፋክታንት ውድ ነው፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ በመተንፈሻ ቱቦ የሚያስገባ የሠለጠነ እጅም ይጠይቃል። ለእናት የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ግን ርካሽ ነው፤ እናት ምጡ ያለ ጊዜው እንደመጣ ፈጥና ተገቢው ክትትል ያለበት ሆስፒታል ከደረሰች ሊሰጣት ይችላል። የሚያስፈልገው የእርግዝናውን ዕድሜ በትክክል ማወቅ ነው፤ ለዚህም የመጀመሪያዎቹ ወራት የቅድመ ወሊድ ክትትል ወሳኝ ነው።

ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ሲፓፕ የሚባል ቀላል መሣሪያ አለ። አየርና ኦክስጅን በአፍንጫው በኩል ይገባል፤ የመመለሻው ቱቦ ጫፍ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ጫፉ 5 ሴንቲሜትር ከጠለቀ በሳንባው ውስጥ 5 ሴንቲሜትር የውሃ ግፊት ሁልጊዜ ይቀራል፤ ጠርሙሱ መንፈቅፈቁ ነርሷ ግፊቱ እንዳልተቋረጠ የምታውቅበት ምልክት ነው። ይህ ግፊት ሰርፋክታንቱ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ በከፊል ይተካል፤ ከረጢቶቹ ትንፋሽ ሲወጣ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም። ብዙዎቹ ሕፃናት በዚህ እርዳታ ከቆዩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳንባቸው የራሱን ሰርፋክታንት በበቂ መጠን ማመንጨት ይጀምራል፤ ቱቦውም ይወጣል።